«ፎርሙላውን ሸምድጄዋለሁ፤ ጥያቄው ግን አይወጣልኝም»

ጥያቄ፦ የፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። የፊዚክስ ሚድ ግን ከ30 11 አመጣሁ። ፎርሙላውን በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጥያቄው ላይ ስደርስ የቱን እንደምጠቀም ይጠፋኛል። ምርጫዬን ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ሚድ ምርጫሽን እንዳትቀይሪ። ፎርሙላውንማ ከበቂ በላይ ታውቂዋለሽ። ያስቸገረሽ ከፎርሙላ መጀመርሽ ነው።

ከላክሽልኝ ጥያቄዎች አንዱን አብረን እንየው። 30 ዲግሪ ያዘነበለ ወለል ላይ ሳጥን ቁልቁል ይንሸራተታል። የፍሪክሽን (የሰበቃ) ኮኤፊሸንቱ 0.2 ነው። አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) ስንት ነው? አንቺ «ማሱ አልተሰጠም» ብለሽ አልፈሽዋል።

ምንም ሳታሰዪ ሳጥኑን ወረቀት ላይ ሣዪው። ከዚያ ማን እንደሚስበው፣ ማን እንደሚነካው ጠይቂ። መሬት በቀጥታ ወደ ታች ትስበዋለች። ወለሉ ከራሱ በ90 ዲግሪ ይገፋዋል። ፍሪክሽን ወደ ሽቅብ ይይዘዋል። ሦስት ቀስት፣ አለቀ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «ወደፊት የሚገፋው ፎርስ» ብሎ አራተኛ ቀስት ይጨምራል። ገፊ ከሌለ ቀስቱም የለም። ሳጥኑን ቁልቁል የሚወስደው የገዛ ክብደቱ ነው።

አሁን አክሲስሽን ከወለሉ ጋር አዘንብዪውና ክብደቱን ለሁለት ክፈዪው። ኤም ማሱ፣ ጂ የመሬት ስበት የሚሰጠው አክስለሬሽን ነው እንበል። ቁልቁል የሚስበው ኤም ጂ ሳይን 30 ነው። ወለሉን የሚጫነው ኤም ጂ ኮሳይን 30 ነው፤ ፍሪክሽኑ የዚህ 0.2 እጅ ነው። ፍሪክሽኑን ቁልቁል ከሚስበው ቀንሺና ውጤቱን ከኤም ኤ (ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን) ጋር እኩል አድርጊው። ኤም በሁሉም ውስጥ ስላለ ይሰረዛል። ማሱን ያልሰጡሽ ለዚህ ነው! ጂን 9.8 ብለሽ ስትሠሪው ወደ 3.2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል።

መልሱ ወጣ ብለሽ ወደሚቀጥለው አትሩጪ። ፍሪክሽን ባይኖር 4.9 ይሆን ነበር። 3.2 ከዚያ ስለሚያንስ ያስኬዳል። ከ4.9 በላይ ቢመጣብሽ ምልክት አዛብተሻል ማለት ነው። ዩኒትም እንዲሁ ብዙ ውጤት ይበላል፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ካየሽ መጀመሪያ 20 ሜትር በሰከንድ አድርጊው።

ይህን በሙያ ምክር ዓምድ ላይ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲቪል ስትገቢ ስታቲክስ የሚባለው ኮርስ ከእነዚሁ ቀስቶች ይጀምራል። ድልድዩም ምሰሶውም ቆሞ ስለሚቀር አክስለሬሽኑ ዜሮ ይሆናል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ስለዚህ አሁን የምትለማመጂው የሙያሽን የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ከወርክሺትሽ ሃያ ጥያቄ መልሱን እያየሽ ከምታነቢ፣ ሦስቱን መልሱን ሸፍነሽ ሥሪ። ከተጣበቀብሽ መምህርሽ ጋ «አልገባኝም» ብለሽ አትሂጂ፤ የሣልሽውን ይዘሽ «እዚህ ጋ ቆምኩ» በዪ። እስከ ፋይናል እንዲህ ሠርተሽ፣ ሥዕሉ እየገባሽም ሥራው ራሱ የሚያስጠላሽ ከሆነ ጻፊልኝ። ያኔ ስለ ሌላ ዲፓርትመንት በደንብ እናወራለን።