ግብር እና የእጅ ዋጋ፦ የባህር ዳር ግንበኞች ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሊያልቅ ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ የግብር ዓመት ይገባል። በየሳይቱ ወሬው ሁሉ ግብር ሆኗል። ስለዚህ ጋሼን አንድ ማታ ያዝናቸውና የጥያቄ መዓት አወረድንባቸው። ጋሼ ለዓመታት የኮንትራክተሮችን ሒሳብ ሲሰሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ደረሰኝ» ሳይሉ ውለው አያድሩም።

ለሳኝ፣ ከአባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ ግብር ስንት ነው የምከፍለው?

ጋሼ፦ ምን ሰርተህ? ለማን? በስንት? የሚቀጥለው።

ሴራሚክ ነጣፊ፦ ለአንድ ድርጅት የ120,000 ብር ስራ ሰራሁ። 3,600 ቆርጦ ነው የከፈለኝ። ተበላሁ?

ጋሼ፦ እስካሁን አልተበላህም። ድርጅት ለአገልግሎት ከ10,000 ብር በላይ ሲከፍል 3 በመቶ ቆርጦ ለመንግስት ያስገባል። ዊዝሆልዲንግ የምትሉት ማለት ነው። ድሮ 2 በመቶ ነበር፤ በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ፣ ቁጥር 1395፣ ከፍ አደረገው። ብሩ አልጠፋም። ዓመቱ ሲዘጋ ከሚመጣብህ ግብር ላይ ይቀነስልሃል። የሚቀነስልህ ግን ደረሰኙን ስታሳይ ነው። ደረሰኝ ከሌለህ 3,600ህን ለሌላ ሰው መርቀህ ሄድክ ማለት ነው።

ስምህ፣ ቲን ቁጥርህ (የግብር ከፋይ መለያህ) እና የብሩ መጠን በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመህ አንብብ። አንድ ልጅ የሶስት ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ይዞ መጥቶልኝ ነበር። ግማሹን ጸሐይ በልቶት ነጭ ወረቀት ሆኗል። እንዳለቀስ ተመለሰ። በዚያው ቀን ፎቶ አንሱት እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል!

ፌሮ ሰራተኛ፦ ቲን የሌለው ሰውስ?

ጋሼ፦ ያውጣ። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ 979፣ ቲን ላላቀረበ ሻጭ 30 በመቶ እንዲቆረጥ ነው የደነገገው። ከ120,000 ላይ 36,000 ማለት ነው።

አናጺ፣ ከዘጌ፦ እኔ የግለሰብ ቤት ነው የምሰራው። ማንም አይቆርጥብኝም። እንግዲህ ግብር የለብኝም?

ጋሼ፦ የራሱን ቤት የሚያሰራ ግለሰብ አይቆርጥም። ገቢህ ግን ያው ገቢ ነው። አስታውቅ።

ቀለም ቀቢ፦ ገቢዎች ሚኒስቴር ነው የምሄደው?

ጋሼ፦ አይደለም። የግለሰብ ነጋዴን ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ላይ አለ። የከተማህ ገቢዎች ጋ ሂድ።

ግንበኛ፣ ከዘንዘልማ፦ አንድ ቤት ከነማቴሪያሉ በ2,400,000 ብር ያዝኩ። የኔ እጅ ዋጋ 500,000 ብቻ ነው። ሌላው ሲሚንቶና ብረት ነው። ችግር አለው?

ጋሼ፦ እግዜር ይስጥህ! ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የመሸው። በአዲሱ ማሻሻያ ደረጃ ሐ የሚባል የግብር ከፋይ ምድብ ቀርቷል። ዓመታዊ ገቢህ ከ2 ሚሊዮን በታች ከሆነ ደረጃ ለ ነህ፤ ከዚያ ካለፈ ደረጃ ሀ። ሲሚንቶው ባንተ እጅ ካለፈ ያንተ ገቢ ተብሎ ይቆጠራል። 500,000 ሰርተህ የ2,400,000 ሰው ሆንክ ማለት ነው። ደረጃ ሀ ደግሞ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ይጠይቃል። ወጪ የሚያዝልህም በደረሰኝ ብቻ ነው። አሸዋ የጫነልህ የሲኖትራክ ሾፌር ደረሰኝ ይሰጥሃል? ድንጋይ የፈለጠልህ ገበሬስ?

ደረጃ ለ ብትሆንም አትድንም። እዚያ ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላ ገቢው ላይ ነው፤ የሲሚንቶ ወጪ ብለህ አትቀንስም። ስለዚህ ባለቤቱ ማቴሪያሉን በራሱ ስም ይግዛ፣ ደረሰኙም በሱ ስም ይቆረጥ። አንተ እጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋል። ውሉ ላይም «የእጅ ዋጋ» ብለህ አስጽፍ። በቃል አይሆንም።

ፎርማን፦ ጋሼ፣ ባለቤቱ ማቴሪያል ከገዛ ስራው ይቆማል። ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ለመግዛት ሳምንት የሚቆይ አለ።

ግንበኛው፦ አንተማ ከማቴሪያል ላይ የምትቆነጥራት ስለምትቀር ነው።

ፎርማን፦ ማን ነው የሚቆነጥር? ባለፈው ሐሙሲት ላይ ብረት የጎደለው በማን ነበር?

ጋሼ፦ ብረቱን ነገ ትፈልጉታላችሁ። ግብር ነው የያዝነው።

ፎርማን፦ እሺ፣ የቀን ሰራተኛ ግብር የለበትም አይደል?

ግንበኛው፦ የለበትም፣ ነጋዴ አይደለማ።

ጋሼ፦ ነጋዴ ባይሆንም ተቀጣሪ ነው። ሰዓቱን የምትቆጥርበት፣ ባሬላውን የምትሰጠው አንተ ከሆንክ ሰንጠረዥ ሀ፣ የደመወዝ ግብር ማለት ነው፣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በወር እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ቆርጦ የሚያስገባው አሰሪው ነው፤ አንተ ማለት ነው ፎርማን። ዝም አልክ?

ቧንቧ ሰራተኛ፦ የግብር ግምት በዛብኝ። ቢሮ ሄጄ ጮህኩ፣ የሰማኝ የለም።

ጋሼ፦ ጩኸት ቅሬታ አይባልም። በጽሁፍ ነው። በግብር አስተዳደር አዋጁ 983/2008 ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ታቀርባለህ። እዚያ ካልተስማማህ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ የምትልበት የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ፤ ግን ከተከራከርክበት ግብር ግማሹን ታስይዛለህ። ማስረጃህ ምን ይሆን? ደረሰኝ!

ሴራሚክ ነጣፊ፦ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው አለ ይላሉ...

ጋሼ፦ አልሰማሁህም። የሚቀጥለው።

ቀለም ቀቢ፦ ዊዝሆልዲንግ ስንት ነበር ያሉት?

ጋሼ፦ ሦስት! ሦስት በመቶ! ወደ ላይ አንብብ።

ለሳኝ፣ ከአባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ አሁን በደንብ ልጠይቅ። ለኮንትራክተር ነው የለሰንኩት። በ85,000። 2,550 ተቆርጧል። ደረሰኙም እጄ ላይ ነው፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ።

ጋሼ፦ ጎበዝ! እንዲህ ነው ጥያቄ። ደረሰኙ ላይ የማን ስም ነው ያለው?

ለሳኝ፦ ቆይ ልየው... የፎርማኑ።

ጋሼ፦ ቲኑስ?

ለሳኝ፦ እሱም የሱ ነው።

ጋሼ፦ ሰኔ 30 ሳይዘጋ ነገ በጠዋት ኮንትራክተሩ ጋ ሂድ። ፎርማኑንም ይዘኸው ሂድ።

ፎርማን፦ ነገ እንኳን አይመቸኝም።