መልስ፦ እናቴ ከፈረመች በኋላ ከመድኃኒት ሙከራው መውጣት ትችላለች?

እህቴ፣ እናትሽ መውጣት ትችላለች። በፈለገችው ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጥ። መደበኛ ሕክምናዋም በዚህ ሰበብ አይቋረጥም። በፈለገችው ቀን የመውጣት መብቷ በ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ማለትም የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ፣ ሳይቀር የሰፈረ ነው።

ስሟ ይወጣል ወይ ላልሽው፣ የደሟ ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ኮድ ነው። ኮዱን ከስሟ የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍበታል። ግን «ማንም አያየውም» ካሏት አትመኑ። የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ካርዷን ሊያዩ ይችላሉ፤ የምትፈርመው ፎርምም ይህን መናገር አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተረፈው ደም ነው። የት ይቀመጣል? ለስንት ዓመት? ውጭ አገር ይላካል? ለሌላ ጥናትስ ይውላል? ሳትፈርም በፊት ጠይቁ። ስትወጣ ናሙናው እንዲወገድላት መጠየቅ ትችላለች። እስከዚያ የተመዘገበው መረጃ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ማንበብ አትችልም ብለሻል። እንግዲያው ገለልተኛ ምስክር ባለበት፣ በምትሰማው ቋንቋ ተነቦላት፣ ከገባት በጣት አሻራ ትፈርማለች። አክስቴን ኮሪደር ላይ አቁመው ነው «እዚህ ጋ ብቻ» ብለው ያስፈረሟት። እስካሁን ያንገበግበኛል። እናትሽ ወረቀቱን ይዛ ቤት ትምጣ፤ ቡና አፍልታችሁ አንድ በአንድ አንብቢላት። «አሁኑኑ ካልፈረምሽ» የሚል ካለ ግን ጥናቱን የሚገመግመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ፎርሙ ላይ መኖር አለበት፣ ደውሉ።