አምስተኛዋን ሯጭ ጠብቁ

ባለፈው እትም «ከኮሌጅ ጨዋታ የሃይስኩሉ ይበልጥብኛል» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። የተስማማ አለ፤ የተቆጣም አለ። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሃይስኩል ሳለች አገር አቋራጭ ትሮጥ ነበር። ከጨረሰች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ግን መስከረም ሲጠባ ቅዳሜ ጠዋት አሁንም ከሜዳው አልጠፋም። ዓመተ ምህረቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«እትዬ፣ የ15 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቷ አገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ገብታለች። በየቀኑ ልምምድ አለ። ማታ ደክማ ነው የምትመጣው። አባቷ ‹ሩጫውን ተይና መጽሐፍሽን ያዢ› ይላታል። እኔ ደግሞ ‹ስኮላርሺፕ ታገኝበታለች› እያልኩ እከራከርላታለሁ። ማናችን ነን ልክ?»
እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ሁለታችሁም ለልጃችሁ አስባችሁ ነው። ግን አባቷ ስለ ማርክ ያወራል፤ አንቺ ስለ ገንዘብ። ለመሆኑ ስትሮጥ ሄዳችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? በደብዳቤሽ ላይ አላነሳሽውም። መጀመሪያ እሱን አድርጉ።

እኔም ዘግይቼ ነው የሄድኩት። ጌይተርስበርግ ውስጥ ቦረር ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያ ነዳሁ። ሣሩ ርጥብ ነበር። ጫማዬ ውሃ ገባበት። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ገቡ። ልጄ የለችም። አሥር ገቡ፣ ሃያ ገቡ፣ አሁንም የለችም። አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የቆመው አሰልጣኝ ግን የገቡትን ትቶ ወደ ኋላ እያየ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል። የሚጠራው የልጄን ስም ነበር።

አንዲት እናት ናት ያኔ ያስረዳችኝ። ከአንድ ቡድን ሰባት ልጆች ይሮጣሉ። የሚቆጠረው ግን የአምስቱ ነው። አንደኛ የገባች አንድ ነጥብ ትይዛለች፤ ሃያኛ የገባች ሃያ። የአምስቱ ይደመርና ትንሽ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል። አንደኛዋ ልጅ እንደ ንፋስ ብትበርም አምስተኛዋ ከዘገየች ቡድኑ አለቀለት። ልጄ የቡድኗ አምስተኛ ነበረች። መጨረሻው ላይ ሁለት ልጆችን አልፋ አርባ አንደኛ ገባች። ቡድኗም ያሸነፈው በአንድ ነጥብ ነው። አርባ አንደኛ የወጣችን ልጅ ጓደኞቿ ሲሸከሟት አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ስትመጣ «ስንተኛ ወጣሽ?» ብቻ ነበር የምጠይቃት። ምን መጠየቅ እንደነበረብኝ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ወደ አባቷ ልምጣ። ሩጫና መጽሐፍ እዚህ አገር ባላንጣ አይደሉም። ማርኩ የወረደ ተማሪ ለቡድን እንዳይሰለፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይከለክላሉ። ኮሌጅ ሲደርስ ደግሞ ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የራሱ መስፈርት አለው። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በላይኛው ደረጃ ለመጫወት ተማሪዋ በሃይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ማለፍ አለባት። አሥሩን የመጨረሻው ዓመት ሳይጀመር መጨረስ ይጠበቅባታል። የእነዚያ ኮርሶች አማካይ ውጤቷም ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ይህን የሚያውቁ ወላጆች ብዙ አይደሉም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነቅተው ሲሯሯጡ ያየኋቸው አሉ፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። ዛሬውኑ የትምህርት ቤቷን አማካሪ ጠይቁ።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ተስፋሽን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣይ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች አገር አቋራጭና አትሌቲክስ በሙሉ ለረጅም ዓመት የነበረው 18 ስኮላርሺፕ ነው። ለወንዶቹ 12.6 ብቻ። አሰልጣኞች እሱን ቆራርሰው ለብዙ ልጆች ያካፍሉት ነበር። ከ2025 ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ የፈቀደውን አዲስ የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉት ዘንድ የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቷል። በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ተገደበ፤ ለአገር አቋራጭ 17 ሰው። ያለ ስኮላርሺፕ፣ ለፍቅሩ ብለው ይሮጡ ለነበሩ ልጆች ቦታው ጠበበ። ይህ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። የሦስተኛው ዲቪዚዮን ትምህርት ቤቶችና አይቪ ሊግ የሚባሉት እንደ ሃርቫርድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። እርዳታቸው የቤተሰብን አቅም አይቶ ነው። ግን እዚያም ይሮጣል፤ በደንብ ይሮጣል።

አዎ፣ እስከ ጫፍ የደረሱ አሉ። ያሬድ ንጉሤን ታውቂው ይሆናል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ያደገው ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ነው። ሩጫ የጀመረው ሃይስኩል ገብቶ ነው። ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ3፡27.80 ነሐስ ወሰደ። የዚያን ውድድር ሦስቱንም ሜዳሊያ የወሰዱት በአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን ውስጥ ያለፉ ልጆች ናቸው። ኮል ሆከር ኦሪገን፣ ጆሽ ከር ኒው ሜክሲኮ፣ ያሬድ ኖትርዳም። ለእናንተ ቅርብ የሆነውን ደግሞ ልጨምር። ኤርትራ የተወለደችው ወይኒ ቀላቲ ሃይስኩል የተማረችው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሊስበርግ ነው። ኋላ ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጣ በ2019 የአገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች።

ይህን የምነግርሽ ልጅሽ የግድ እንደነሱ ትሁን ብዬ አይደለም። ልጅሽ አምስተኛ ብትሆንም ይበቃኛል። ቅዳሜ ሙዝና ደረቅ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። አባቷን ከመጨረሻው መስመር ሁለት መቶ ሜትር ወረድ ብሎ እንዲቆም ንገሪው። ልጅ የአባቷን ድምፅ የምትፈልገው እዚያ ጋ ነው።

«እትዬ፣ በቲቪ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አይቼ ስታዲየሙ ገረመኝ። ለተማሪ ጨዋታ መቶ ሺህ ሰው ለምን ይወጣል?»
ወጣት፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 120 ሺህ ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ከተሞች የፕሮፌሽናል ክለብ የላቸውም። ክለባቸው ዩኒቨርሲቲው ነው። አንተ ጊዮርጊስ ወይም ቡና እንደምትለው እነሱ በዩኒቨርሲቲያቸው ይምላሉ። ከአርባ ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው የልጅ ልጆቹን ይዞ ይመጣል።

እኔ እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም። ግን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ነኝ፤ የሆንኩበትንም ሌሊት አስታውሳለሁ። ሚያዝያ 2006 ነው። ዳውንታውን ዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። በትንሿ ክፍሌ አሮጌ ቲቪ ነበረች። የሴቶች የባስኬትቦል ፍጻሜ ነው፤ ሜሪላንድ ከዱክ። ሜሪላንዶች ከዕረፍት በኋላ በ13 ነጥብ ተመርተው ነበር። ቀስ በቀስ ደረሱባቸው። ስድስት ሰከንድ ገደማ ሲቀር ክሪስቲ ቶሊቨር የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁለት ሜትር በምትሆን ተከላካይ አናት ላይ ባለ ሦስት ነጥቡን ወረወረች። ገባ። 70 ለ 70። በጭማሪ ሰዓት 78 ለ 75 አሸነፉ። መኪናውን ሊያወጣ የመጣ ሰው መስኮቴ ላይ ቆሞ አብሮኝ አየ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ተቃቀፍን። ከሜሪላንድ ልጆች አብዛኞቹ ሃያ ዓመት እንኳን የማይሞላቸው ነበሩ። እንደዚያ ደክመው፣ እንደዚያ ሳይሰበሩ ሲጫወቱ ሳይ የራሴን የሌሊት ሥራ መጨረስ አላቃተኝም።

«እህታችን፣ ድሮ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው ፍቅር ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ብዙ የከፈለ ይወስዳቸዋል። ይህን ይደግፋሉ?»
የቆየ ተመልካች፣ ከዳላስ

ወንድሜ፣ ክፍያውን እደግፋለሁ። አሰልጣኙ ሚሊዮኖች ያገኛል። ቴሌቪዥኑ ያተርፋል። ማሊያ ሻጩ ይሸጣል። ልጁ ግን በገዛ ስሙ አንድ ዶላር ማግኘት ክልክል ነበር። ጉልበቱ የሚሰበረው የእሱ ነው። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ በተጫዋቾች ጥቅም ጉዳይ በኤንሲኤኤ ላይ 9 ለ 0 ፈረደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ልጆቹ በስማቸውና በምስላቸው እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው መክፈል ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፍትሕ ዘግይቶ መጣ እንጂ መምጣቱ ልክ ነው። በዚህ ውስጥ የተረሱት ከውጭ በተማሪ ቪዛ የመጡት ናቸው። ከኬንያም ከኢትዮጵያም የመጣ ሯጭ ቪዛው እንደልቡ ሠርቶ እንዲያገኝ አይፈቅድለትም። አጠገቡ የሚሮጠው ጓደኛው ያገኛል፤ እሱ ያያል።

እርስዎን ያስቀየመዎት ግን ክፍያው ሳይሆን ዝውውሩ ይመስለኛል። እሱ ላይ አብረን ነን። ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ተጫዋች በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ይችላል፤ አንድም ዓመት ሳያርፍ። እኔ በኅዳር ስማቸውን የማጠናቸው ልጆች በሚያዝያ የሉም። ልጆቹን አልወቅስም። አሰልጣኞቹም ውል ጥለው ይሄዳሉ። ግን አንዲትን ልጅ ከመጀመሪያ ዓመት እስከ አራተኛ ዓመት ስታድግ ማየት ለእኔ የኮሌጅ ስፖርት ትልቁ ደስታ ነበር። እሱ እየቀረ ነው።

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችማ ከልጆቹ ብሰዋል። ሜሪላንድ በ1953 ኤሲሲ የሚባለውን፣ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ዱክ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቨርጂኒያ የዕድሜ ልክ ተቀናቃኞቻችን ነበሩ። ሜሪላንዶች በ2014 ለገንዘብ ሲሉ ቢግ ቴን ወደሚባል ሌላ ማኅበር ሄዱ። በ2024 ደግሞ ከምዕራቡ ጠረፍ ሁለት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኦሪገንና የዋሽንግተን ግዛት ዩኒቨርሲቲዎችም እዚያው ገቡ። ይህ ሁሉ የተደረገው ለፉትቦል የቴሌቪዥን ውል ነው። ዋጋውን የምትከፍለው ግን ቮሊቦል ተጫዋቿ ናት። አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን አቋርጣ ተጫውታ፣ ተመልሳ ፈተና ትቀመጣለች። ፉትቦሉ ይሂድ፤ ሌሎቹን ስፖርቶች እንደድሮው በአካባቢያቸው ቢተዉአቸው ምን አለበት? እኔ ለዩኒቨርሲቲው ይህንኑ ጽፌ ልኬያለሁ። እርስዎም ለከተማዎ ዩኒቨርሲቲ ይጻፉ።

«እትዬ፣ ሃይስኩል ከኮሌጅ ይበልጣል ማለትዎ ማጋነን ነው። ማርች ማድነስን፣ የኮሌጆቹን የባስኬትቦል ጥሎ ማለፍ የሚያህል ነገር የት አለ?»
ተማሪ፣ ከቦልቲሞር

አንተ የቦልቲሞር ልጅ ስለሆንክ መብትህ ነው። መጋቢት 2018 ላይ ከተማህ ዳር ያለው ዩኤምቢሲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ አሥራ ስድስተኛ ተብሎ ተመድቦ፣ አንደኛ የተባለውን ቨርጂኒያን 74 ለ 54 ሲያሸንፍ እኔም ሶፋ ላይ አልተቀመጥኩም። በወንዶቹ ውድድር አንደኛ ተብለው የተመደቡት አሥራ ስድስተኛዎቹን ገጥመው 135 ጊዜ አሸንፈው ነበር። አንድም ጊዜ አልተሸነፉም፤ እስከዚያች ማታ ድረስ። ያን ሌሊት የሚያህል ብዙ የለም። እሺ።

ግን ሃይትስቪል ያለውን ዲማታ ሃይስኩልን ተመልከት። ሞርጋን ዉተን የሚባል የባስኬትቦል አሰልጣኝ ነበረው። በ1965 ከኒውዮርክ 71 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ የፓወር ሜሞሪያል ሃይስኩል ቡድን መጣ። መሃል ላይ፣ ኋላ ከሪም አብዱል-ጀባር ተብሎ የፕሮፌሽናል ባስኬትቦል ኮከብ የሆነው ረጅም ልጅ አለ። ዉተን በልምምድ ላይ ተጫዋቾቹን የቴኒስ ራኬት አስይዞ እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ አደረገ። ሌሎቹ ከራኬቱ በላይ መወርወር ተማሩ። ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ከተማ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ አዳራሽ ውስጥ፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ፊት ዲማታዎች 46 ለ 43 አሸነፉ። የሃይስኩል ጨዋታ ነው ይሄ።

እኔን ግን ከራኬቱ በላይ የሚነካኝ ሌላ ነው። ዉተን የታሪክ መምህርም ነበር። ኮሌጆች ለመኑት፤ አልሄደም። ከ1956 እስከ 2002፣ 46 ዓመት እዚያው ቆየ። 1,274 ጨዋታ አሸነፈ። ታላላቅ የፕሮፌሽናልና የኮሌጅ አሰልጣኞች በሚከበሩበት የባስኬትቦል የክብር መዝገብ ስሙ ሰፍሯል። ሃይስኩል ለእሱ መሸጋገሪያ አልነበረም። ለእኔም አይደለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ጥር ላይ አንድ አርብ ማታ ሰፈርህ ያለ ሃይስኩል ግባ። ትኬቱ ርካሽ ነው። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ ተቀመጥ። ዓመቱን ሙሉ አሥር ደቂቃ እንኳን ያልገባውን ልጅ ፈልገህ እየው። ጓደኛው ሲያገባ እንዴት እንደሚነሳ ተመልከት። ከዚያ መልሰህ ጻፍልኝ።