ከቦይ ወደ ቴምዝ በጠባብ ጀልባ

ጥያቄ፦ በርሚንግሃም የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ናሮውቦት የምትባለዋን ጠባብ ጀልባ ገዝተናል፤ ለሰመር በኦክስፎርድ ቦይ አድርገን ቴምዝ ወንዝ ልንገባ ነው። ሎኮቹ፣ ማለትም ውኃ እየሞላባቸውና እየጎደለባቸው ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ባለ በር ክፍሎች፣ ለሁለት ሰው ይከብዱ ይሆን? ሌላስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዳችሁ መሪው ላይ፣ አንዳችሁ በሩ ላይ። በደንብ መጠንቀቅ ያለባችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ነው። ከላይኛው በር ሥር ውኃ የሸፈነው እርከን አለ። የጀልባዋ ኋላ እዚያ ላይ ካረፈ፣ ውኃው ሲጎድል ፊቷ ብቻ ይወርድና ልትሰምጥ ትችላለች። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከተቀባው ነጭ መስመር ወደፊት አልፋችሁ ቁሙ። ገመዱን ምሰሶው ላይ ጠምጥሙ እንጂ አትቋጥሩ። ኋላዋ ከተያዘ የታችኛውን የውኃ መልቀቂያ ወዲያው ዝጉ፤ ከዚያ የላይኛውን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። የመልቀቂያውን ማዞሪያ እጀታ ሁለት ያዙ፤ አንዱ ውኃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ቴምዝ ሲገባ ነገሩ ይለያል። ፈቃዱ ራሱ ሌላ ነው፤ ቦዩ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወንዙ ኢንቫይሮመንት ኤጀንሲ በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። መልህቁ ከነሰንሰለቱና ገመዱ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ይጠብቅ፤ ሞተር ከጠፋ ወራጁ ወደ ግድቡ ይጎትታችኋል። ሎክ ላይ ወራጁ መበርታቱን የሚያስጠነቅቅ ቀይ ሰሌዳ ካያችሁ ባላችሁበት ቆዩ።

አረም ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ (ፕሮፔለር) ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ፣ ከበላዩ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ በቢላ ቁረጡት። ክዳኑን ሳታጠብቁ ካስነሣችሁ የሞተር ክፍሉ በውኃ ይሞላል።