ሎግቡኩ የጠፋ አውሮፕላን ልትገዙ ነው?

አሜሪካ ሆናችሁ የፓይለት ፈቃድ ያወጣችሁና አሁን ደግሞ የራሴን ልግዛ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ግለሰቦች ጋራዣቸው ውስጥ የሠሯቸው እንደ ቫንስ አርቪ-6 ያሉ አውሮፕላኖች ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸውም ያጓጓል። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ካያችሁ ግን መጀመሪያ ሎግቡኩን፣ ማለትም የአውሮፕላኑና የሞተሩ ጥገና የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ጠይቁ። «ቤት ስንቀይር ጠፋ» ወይም «የሠራው ሰውዬ ሞቷል፣ ልጆቹም አላገኙትም» ሊሏችሁ ይችላሉ። እውነታቸውን ይሆናል። የሻጩ ጨዋነት ግን ስለ ሞተሩ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አንዳንዱ ወረቀት ይተካል። ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) መዝገብ ቤት የአውሮፕላኑን ፋይል በኤን ቁጥሩ (በN በሚጀምረው የምዝገባ ቁጥሩ) ለጠየቀው ሁሉ በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። ማን ለማን እንደሸጠው፣ የተመዘገበ ዕዳ ካለበት ዕዳውን፣ የብቃት ሰርተፍኬቱንና አብሮት የተሰጠውን የበረራ ገደቦች ዝርዝር እዚያ ታገኛላችሁ። ዝርዝሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ከሌለ መብረር ክልክል ነው፤ ቅጂውን ማውጣት ግን ይቻላል። አደጋ ደርሶበት እንደሆነም በዚያው ቁጥር የአደጋ መርማሪውን መሥሪያ ቤት፣ የኤንቲኤስቢን፣ መዝገብ ፈልጉ።

የማይተካው የሞተሩ ታሪክ ነው። የሞተር አምራቹ ላይካሚንግ እንደ ኦ-320 ያሉ ሞተሮቹ በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ የቀደመው ሲደርስ፣ ኦቨርሆል እንዲደረጉ፣ ማለትም ተፈትተው እንዲታደሱ፣ ይመክራል። ቆጣሪው 600 ሰዓት ቢል ምን ዋጋ አለው? ቆጣሪ ይቀየራል። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ዓመታት ሳይነሳ የቆመ ሞተር ነው። የላይካሚንግ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ በኩል ስለሚቀመጥ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ ያልቅና ብረቱ ይዝጋል፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ሲለካ ግን ሲሊንደሮቹ ሁሉ ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። ፕሮፔለሩ መሬት መትቶ እንደነበረም የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ስትደራደሩ ሞተሩን እንዳለቀ ቁጠሩት። ኦቨርሆሉ በቀላሉ ከ30 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ያን ቀንሳችሁ ዋጋው ካላዋጣችሁ ተዉት።

ካዋጣችሁ ደግሞ ያንን የአውሮፕላን ዓይነት የሚያውቅ፣ ለሻጩ ሠርቶ የማያውቅ መካኒክ ቅጠሩ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ወረቀቱን ይዘርጋና ፀሐይ ላይ ይየው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካለ ወዲያው ይታያል። ሲሊንደሮቹን በቦሮስኮፕ (ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ)፣ የሚቻል ከሆነም አንድ ሲሊንደር አውርዶ ካምሻፍቱን ይመልከት። አውሮፕላኑ እንደገና ሚዛን ላይ ይውጣ፣ የድሮውን የክብደት ወረቀት አትመኑ። ሽቦውንና የነዳጅ መስመሩን ጊዜ ሰጥቶ ይፈትሽ፤ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ነው የዘረጋው።

በየ12 ወሩ የሚደረገውን ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚፈርመው ሠሪው ራሱ፣ የጥገና ሰርተፍኬት ካለው፣ ወይም ፈቃድ ያለው መካኒክ ነው። የሠሪው ሰርተፍኬት ለገዢ አይተላለፍም። ታሪኩ የማይታወቅ አውሮፕላን ላይ አልፈርምም የሚል መካኒክ አለ፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት «ይህን ትፈርምልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ግሪን ካርድ ገና ያልደረሳችሁ ደግሞ አውሮፕላኑን በስማችሁ ማስመዝገብ አትችሉም፤ ግለሰብ ለመመዝገብ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። የወንድም ወይም የጓደኛ ስም ከመዋስ በፊት የአቪዬሽን ጠበቃ አናግሩ። ሻጩ ሐበሻም ሆነ ፈረንጅ፣ ምርመራው ካልተሳካ ቀብዱ ተመላሽ መሆኑን በጽሑፍ አስፈርሙት።