የአንባብያን ጥያቄ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ ማብላት፣ ማሳሳብና ጠበል መውሰድ

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። አንገቱን አልቻለም። ታቅፌ፣ ወደ ኋላ አስደግፌ አጥሚት ስሰጠው ትን ይለዋል። ዘንድሮ 3 ጊዜ ሳንባ ምች ነው ተባልኩ። አንዱን ምግብ ለማብላት 1 ሰዓት ይፈጅብኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናት፣ ችግሩ ያለው ወደ ኋላ ማስደገፉና አጥሚቱ ላይ ይመስለናል። ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲሄድ የአየር ቧንቧው በር ይጋለጣል፤ ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ልጁ ለመዋጥ ሳይዘጋጅ ቀድሞት ይወርዳል። ሳንባ ምቹ የሚመላለሰውም ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ አቀማመጡን ያስተካክሉ። ጭንዎ ላይ በጎኑ ያስቀምጡትና አንድ እግርዎን በርጩማ ላይ ያድርጉ፤ የልጁ ጉልበት ከዳሌው ትንሽ ከፍ ይበል። ዳሌው ሲታጠፍ የመላ ሰውነቱ መገተር ይላላል። ክንድዎ ከትከሻው ጀርባ ሆኖ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ፊት ይሰብስብ። አገጩ ወደ ደረቱ ጥቂት ያዘንብል። አገጩን ለመያዝ ከጎኑ ከሆኑ አውራ ጣትዎን መንጋጋው ላይ፣ ጠቋሚዎን ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ መካከለኛውን ከአገጭ በታች ያድርጉ፤ ደገፍ ነው እንጂ መጫን አይደለም።

ማንኪያው ትንሽና ጠፍጣፋ ይሁን፤ ከፊት ለፊትና ከታች ይምጣ። ግማሽ ማንኪያ ብቻ ይያዙና ምላሱን መሃል ላይ ለስለስ አድርገው ተጭነው ከንፈሩ እስኪገጥም ይጠብቁ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው ያውጡት። ብዙ እናቶች ምግቡን ከላይኛው ጥርስ ላይ ጠርገው ይተዋሉ፤ ያ ጭንቅላቱን መልሶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሳይውጥ ሁለተኛ አይጨምሩ።

አጥሚቱን ያወፍሩት። ማንኪያው ሲዘነብል እንደ ውኃ ሳይፈስ ቀስ ብሎ ዱብ የሚል ይሁን። ከሁሉም የሚከብደው ቀጭን ሾርባ ውስጥ ጓል ያለበት ምግብ ነው፤ ፍትፍት ከሆነ ፈጭተው አንድ ወጥ ያድርጉት። ኃይል እንዲኖረው በሳህኑ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ያዋሕዱ። ቅቤ ለብቻው ማዋጥ ግን ይቅርብዎት፤ ዘይት ነክ ነገር ሳል ሳያስነሳ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ማብላቱ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ የደከመ ልጅ አዋዋጡ ይበላሻል። በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይስጡት፣ ከምግብም በኋላ ለ30 ደቂቃ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ይህን ሁሉ አድርገው ሲበላ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ፈሳሽ እንዳለ እርጥብ የሚሆን ወይም ክብደቱ የማይጨምር ከሆነ በሆድ በኩል ስለሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ከሕፃናት ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ አትራመድም፣ እግሮቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ወጌሻው ጅማቷን ላፍታታ ብሎ ሲስባት ትጮኻለች። ይቀጥል? (አባት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቀጥል። ጅማቷ የተሳሰረ አይደለም፤ ከተጎዳው አንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው ጡንቻዋን የሚገትረው። እንዲህ ያለ ጡንቻ በፍጥነት ሲሳብ ይበልጥ ይገተራል፣ በዝግታ ሲሳብ ይለቃል። ቆማ የማታውቅ ልጅ አጥንት ስስ ስለሆነ በጉልበት ቢሳብ የጭን አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ቤት ውስጥ ሲሠሩ ጉልበቷን አጠፍ አድርገው ከጉልበት በላይ ጭኗን ይያዙ፤ በዝግታ ከፍተው መገተር ሲጀምር እዚያው ለ30 ሰከንድ ይቆዩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በቀን 10 ደቂቃ ከሚደረግ መሳሳብ ይልቅ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥበት ሁኔታ ይበልጣል። ሲያስቀምጧት በጭኖቿ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ። ሲያዝሏት እግሮቿ ወገብዎን ግራና ቀኝ ይቀፉ፤ እግር ገጥሞ በነጠላ መጠቅለል ችግሩን ያባብሳል።

የማትራመድ ከሆነ የዳሌ ራጅ ያስፈልጋታል፣ ባያማትም። የጭን አጥንቷ ኳስ ከማቀፊያው ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል፤ ከ30 በመቶ በላይ ከወጣ የሕፃናት አጥንት ሐኪም ይያት። ራጁን እንደ ሁኔታው በየ6 ወይም 12 ወሩ መድገም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኪዩር ኢትዮጵያ ሆስፒታል በሕፃናት አጥንት ሕክምና ላይ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ልጃችንን ለ15 ቀን ጠበል ልንወስደው ነው። ባክሎፌን (የጡንቻ ማላያ መድኃኒቱን) እና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ላቁም? (አያት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እማማ፣ በፍጹም አያቁሙ። ባክሎፌን በድንገት ሲቆም ግትርነቱ በርትቶ ይመለሳል፣ ትኩሳትና መንቀጥቀጥም ያመጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ጠዋት ሳይበላ የሚጠመቅ ከሆነ ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል ሐኪሙን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ውኃ ጡንቻውን ለጊዜው ስለሚገትረው ጉልበቱን አጥፎ የሚይዘው ሰው ይኑር፤ እንደወጣም አድርቀው ያልብሱት። መድኃኒቱን ቆጥረው ይያዙ፦ ባክሎፌኑ በቀን 3 ፍሬ ከሆነ ለ15 ቀን 45 ይሆናል፤ መኪና ቢዘገይ ብለው 6 ይጨምሩበት።