የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቦረቦርን ለብቻ መክተር

ጥያቄ፦ በማሳዬ ግርጌ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ መሬቴን ጨረሰው። ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል፤ ስፋቱ ሦስት እርምጃ ያህል ነው። ድንጋይ መሰብሰብ ስጀምር የሰፈሩ ሰው «ጎርፍን ብቻውን ሊያቆም!» እያለ ይስቅብኛል። ብቻዬን ልወጣው እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ወገብ የሚደርስ ቦረቦር ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ አይደለም። ከሰው ቁመት ያለፈ ቢሆን ግን ብቻዎን ባይነኩት እንል ነበር፤ ጠርዙ ሊናድብዎ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከበላይ ነው። ጎርፉ ከላይኛው ማሳ የሚወርድ ከሆነ ባለቤቱን እርከን እንዲሠራ ወይም በወሰናችሁ ላይ መቀልበሻ ቦይ እንድታወጡ ይለምኑት። የቦዩን መውጫ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይምረጥላችሁ፤ ሣር በሌለበት ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ውሃ ሌላ ቦረቦር ይወልዳል።

ክትሩን፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚደረደረውን የድንጋይ ግድብ፣ በበጋ፣ ዝናብ ሳይጥል ይጨርሱ። ወለሉንና ግራ ቀኝ ግድግዳውን ግማሽ ሜትር ቆፍረው ድንጋዩን እዚያ ውስጥ ይቅበሩ፤ አለዚያ ውሃው ጎኑን ቦርቡሮ ይዞርና ክትሩ ባዶውን ይቀራል። ግርጌው 1 ሜትር ተኩል፣ አናቱ ግማሽ ሜትር ይስፋ። ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ ረጅም ጎኑ ወደ ውስጥ ይሁን።

ብዙ ክትር የሚፈርሰው አናቱ ቀጥ ተደርጎ ስለሚደረደር ነው። መሐሉ 60፣ ዳርና ዳሩ 90 ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው፤ ያ 30 ሴንቲሜትር ዝቅታ ውሃውን መሐል ለመሐል ያሳልፈዋል። ውሃው በሚወድቅበት በኩል 1 ሜትር ያህል ድንጋይ ያንጥፉ። ሳይነጠፍ ከቀረ ግርጌው ይሸረሸርና ክትሩ በአፍጢሙ ይደፋል።

ከአንድ በላይ ክትር ሲሠሩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በገመድና በውሃ ልክ ይለኩ፤ የታችኛው ክትር መሐል ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወለሉ በ10 ሜትር 60 ሴንቲሜትር ከወረደ ክትሮቹም በ10 ሜትር ይራራቃሉ። በብዙ ትንንሽ ክትር ፈንታ አንድ ከፍ ያለ ክትር ሠርቶ መገላገል ያጓጓል፤ ሲናድ ግን ከታች ያለውንም ይዞ ይሄዳል።

ክረምቱ ሲገባና አፈሩ ሲርስ፣ ክትሩ በያዘው ደለል ላይ ቬቲቨር የተባለውን ሣር ይትከሉ። ግንጣዩን ቅጠሉን 20፣ ሥሩን 10 ሴንቲሜትር አስቀርተው ይከርክሙትና በ15 ሴንቲሜትር ርቀት በመስመር ይደርድሩት። ዝሆን ሣርም ይሆናል።

ከድንጋዩ ይልቅ ልብ የሚጠይቀው ከብት ነው። የጎረቤት በሬ አንዴ ከወረደ ሣሩን ነቅሎ፣ ጠርዙን ረጋግጦ ይወጣል፤ መከልከል ደግሞ ያጣላል። በሬው ከገባ በኋላ ከመጮህ፣ ሳይተከል በፊት ሽማግሌ ባሉበት «ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ፣ ከብት ግን አይግባ» ብለው ይነጋገሩ። መኖ የሚያገኝ ጎረቤት ራሱ ይጠብቅልዎታል።

ጥያቄ፦ ቦረቦሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ብተክልስ?

መልስ፦ አንመክርም። ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣልም፤ ከሥሩ ግን ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ አፈሩም ራቁቱን ይቀራል። ወለሉን ለሣር ይተዉት፤ ለጠርዙ ሰስባንያ የተባለው ዛፍ ይሻላል፣ ቅጠሉ መኖ ነው። ከጠርዙ ራቅ ብሎ ብሳና መትከል ይቻላል።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ዞር ዞር ብለው ይዩ። ከቦታው የተንቀሳቀሰ ድንጋይ ካለ በዚያው ቀን ይመልሱት፤ ጎርፍ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው።